የድህነት መለኪያና የትምህርት ጉድለት ቆጠራ፤ የሜክሲኮ መንግሥታዊ ልኬት ሲመዘን

1. መግቢያ

የአንድ አገር ሕዝብ ድህነት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ለብዙ ዘመን የተሠራበት መለኪያ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ገንዘብ ነው። የቤተሰቡ ገቢ ወይም ወጪ ከተወሰነ መስመር በታች ከሆነ ቤተሰቡ ድሀ ይባላል፤ ከመስመሩ በላይ ከሆነ ከድሀ አይቆጠርም። ይህ አሠራር ቀላልና ለሒሳብ የሚያመች መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ከመስመሩ ጥቂት ከፍ ያለ ገቢ ያለው ሰው ልጆቹን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ሲታመም የሚሄድበት ጤና ጣቢያ፣ የሚጠጣው ንጹሕ ውሃ ላይኖረው ይችላል። እህል በቁና፣ ጨርቅ በክንድ እንደሚለካ ሁሉ፣ በገበያ የማይገዛ ነገርም በገንዘብ ሚዛን ብቻ ሊመዘን አይችልም።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ድህነት የገቢ ማነስ ብቻ ሳይሆን ሰው በሕይወቱ ሊሆንና ሊያደርግ የሚገባውን ለመሆንና ለማድረግ አለመቻሉ መሆኑን ካስረዱ ወዲህ፣ ልዩ ልዩ ጉድለቶችን በአንድነት የሚቆጥር መለኪያ ለማበጀት ብዙ ጥረት ተደርጓል። ሳቢና አልካየርና ጄምስ ፎስተር ያዘጋጁት የአቆጣጠር ዘዴ በ2011 በጥናት መጽሔት የታተመ ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምም ከ2010 ጀምሮ በዚሁ ዘዴ የተመሠረተውን ዓለም አቀፍ የዘርፈ ብዙ ድህነት መለኪያ በየጊዜው ሲያወጣ ቆይቷል። ኢትዮጵያም በዚህ ዓለም አቀፍ መለኪያ ከሚለኩት አገሮች አንዷ ናት። ነገር ግን ዘርፈ ብዙ ድህነትን በራሷ ሕግ አስገዳጅነት፣ በራሷ መሥሪያ ቤት፣ በይፋ መለካት የጀመረች የመጀመሪያዋ አገር ሜክሲኮ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሜክሲኮን መለኪያ በሙሉ መዘርዘር አይደለም። ዓላማው መለኪያው ለትምህርት የሰጠውን ቦታና የትምህርትን ጉድለት የሚቆጥርበትን መንገድ መርምሮ፣ ቁጥሩ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር ማመልከት ነው። መምህርም ሆነ የዕቅድ ባለሙያ በየዕለቱ ከቁጥር ጋር የሚሠራ በመሆኑ፣ ነገሩ ለሩቅ አገር ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

2. የልኬቱ መሠረትና አሠራር

የልኬቱ መሠረት በጥር ወር 2004 የወጣው የማኅበራዊ ልማት ጠቅላላ ሕግ ነው። ሕጉ ድህነት በሚለካበት ጊዜ የትኞቹ ነገሮች መታየት እንዳለባቸው በአንቀጽ 36 ዘርዝሯል። እነርሱም የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ የቤተሰቡ የትምህርት ጉድለት፣ የጤና አገልግሎት ማግኘት፣ የማኅበራዊ ዋስትና ማግኘት፣ የመኖሪያ ቤት ጥራትና ስፋት፣ በቤት ውስጥ የሚገኙ መሠረታዊ አገልግሎቶች፣ ምግብ ማግኘት፣ እንዲሁም የማኅበራዊ ትስስር ደረጃ ናቸው። ልኬቱን የሚያዘጋጅና የማኅበራዊ ፕሮግራሞችን ውጤት የሚገመግም ኮኔቫል የተባለ ብሔራዊ ምክር ቤትም በዚሁ ሕግ ተመሠረተ። የምክር ቤቱ ስድስት አባላት ከዩኒቨርሲቲዎችና ከጥናት ተቋማት የተመረጡ ተመራማሪዎች እንዲሆኑ ተወሰነ። የአሠራር ዘዴው በታኅሣሥ ወር 2009 ይፋ ሆነ፤ የመጀመሪያው ልኬትም የ2008ን ሁኔታ የሚያሳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልኬቱ ለመላው አገርና ለየክፍለ ግዛቱ በየሁለት ዓመቱ፣ ለየማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ በየአምስት ዓመቱ እንዲወጣ ሕጉ ያዛል።

አሠራሩ በሁለት መስመሮች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው የገቢ መስመር ሲሆን፣ ሁለተኛው የማኅበራዊ መብቶች መስመር ነው። ገቢው ከተወሰነው መስመር በታች የሆነና ከስድስቱ ማኅበራዊ መብቶች ቢያንስ አንዱ የጎደለበት ሰው ድሀ ይባላል። ገቢው የምግብ ፍጆታን እንኳ ለመሸፈን የማይበቃና ሦስት ወይም ከዚያ በላይ መብቶች የጎደሉበት ሰው ደግሞ በከፋ ድህነት ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። ገቢው በቂ ሆኖ መብት የጎደለበት፣ ወይም መብቱ ተሟልቶ ገቢው ያነሰ ሰው ድሀ ባይባልም ተጋላጭ ይባላል። ማኅበራዊ ትስስር የአንድ ሰው ሳይሆን የአካባቢ ጠባይ በመሆኑ ለብቻው ይለካል።

3. የልኬቱ መልካም ገጽታ

ከትችቱ በፊት የሚገባውን ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። መጀመሪያ፣ ሜክሲኮ ስድስቱን ጉድለቶች እኩል አድርጋ ቆጥራለች። ምክንያቷም የመብቶች አለመከፋፈል ነው፤ የመማር መብት ከመታከም መብት ይበልጣል ወይም ያንሳል የሚል ክብደት ባለሥልጣንም ሆነ ሊቅ በራሱ ፈቃድ ሊሰጥ አይገባውም። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ መብት የተቀመጠው ወሰን በተቻለ መጠን ከአገሪቱ ሕግ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የተመራማሪዎች ግምት ሳይሆን መንግሥት ለዜጋው የገባው ቃል መለኪያ ሆኗል።

ሦስተኛውና ትልቁ መልካም ገጽታ ግን መለኪያው ለባለቤቱ አለማድላቱ ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የጤናው ጉዳይ ነው። በ2018 የጤና አገልግሎት ማግኘት ያልቻለው ሕዝብ ከመቶ 16.2 ነበር። በ2020 መጀመሪያ ላይ የሕዝብ የጤና መድን ቀርቶ በሌላ ድርጅት ሲተካ፣ ሰዎች አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳላቸው ሲጠየቁ ብዙዎቹ የለንም አሉ። ቁጥሩም በ2020 ወደ 28.2፣ በ2022 ወደ 39.1 ከመቶ አሻቀበ፤ ይህም 50.4 ሚሊዮን ሰው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያወጣው ተቃዋሚ ወይም የውጭ አገር መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ራሱ የአገሪቱ ሕጋዊ ለኪ ነው። ባለቤቱን የሚያሳፍር መለኪያ የሚታመን መለኪያ ነው።

4. የትምህርት ጉድለት አቆጣጠር

ጥያቄው የሚነሣው ይኸው መለኪያ ወደ ትምህርት ሲዞር ነው። በሜክሲኮ አቆጣጠር የትምህርት ጉድለት አለበት የሚባለው ማነው? አሁን በሚሠራበት ደንብ መሠረት ዕድሜው ከ3 እስከ 21 ዓመት ሆኖ ግዴታ የሆነውን ትምህርት ያልጨረሰና በትምህርት ገበታ ላይ የሌለ ሰው ጉድለት አለበት። ለጎልማሶች ግን ወሰኑ እንደ ትውልድ ዘመናቸው ይለያያል። ከ1982 በፊት የተወለደ ሰው አንደኛ ደረጃን ከጨረሰ በቂ ነው። ከ1982 እስከ 1997 የተወለደው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃን፣ ከ1998 ወዲህ የተወለደው ደግሞ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃን መጨረስ አለበት። የዚህ ልዩነት ምክንያት ሕጉ ነው። መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ግዴታ የሆነው በ1993፣ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በ2012 ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ትውልድ የሚለካው በራሱ ዘመን መንግሥት ቃል በገባለት የትምህርት ደረጃ ነው።

ይህ በሕግ ዓይን ፍትሐዊ ነው። በሕይወት ዓይን ግን እንግዳ ውጤት ያመጣል። በ1981 የተወለደና በ1982 የተወለደ ሁለት ወንድማማቾች ሁለቱም ስድስተኛ ክፍልን ጨርሰው ቢያቆሙ፣ ታላቁ ጉድለት የሌለበት፣ ታናሹ ጉድለት ያለበት ይሆናል። ሁለቱ በአንድ መስኮት ሥራ ቢጠይቁ አሠሪው የሚያያቸው በአንድ ዓይን ነው፤ መለኪያው ግን ይለያቸዋል። ከዚህም በላይ፣ ያልተማሩት አረጋውያን በሞት ሲለዩ፣ አንድ ትምህርት ቤት ሳይከፈትና አንድ ጎልማሳ ፊደል ሳይቆጥር የጉድለቱ ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ግዴታው ከፍ ሲል በትምህርት ቤቶች ውስጥ ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ ያድጋል።

ይህም በተግባር ታይቷል። የ2018 የትምህርት ጉድለት በመጀመሪያ በቀድሞው ደንብ ሲሰላ ከመቶ 16.9 ነበር። የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ግዴታ በደንቡ ከገባ በኋላ ያው የ2018 መረጃ እንደ ገና ሲሰላ ግን 19.0 ሆነ። ሕዝቡ ያው፣ ዓመቱ ያው፣ የተጠየቀው ጥያቄም ያው ሳለ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አለ። ደንቡን ማሻሻሉ ስሕተት አልነበረም፤ እንዲያውም ሕጉ ሲያድግ መለኪያውም አብሮ ማደጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ደንቡን ሳያነብ ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ የዕቅድ ባለሙያ፣ የ2008ን 21.9 ከቅርቡ ቁጥር ጋር አስተያይቶ ስለ መሻሻል ፍጥነት ቢናገር የማይነጻጸረውን አነጻጸረ ማለት ነው።

5. በትምህርት ገበታ ላይ መገኘትና መማር

ከዚህ ሁሉ የከበደው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ሕፃኑን በሚመለከት መለኪያው የሚጠይቀው በትምህርት ገበታ ላይ ነህ ወይ ብሎ ነው፤ ጎልማሳውንም የሚጠይቀው ስንተኛ ክፍል ጨረስህ ብሎ ነው። ተምረህ ምን አወቅህ የሚል ጥያቄ በመለኪያው ውስጥ የለም። በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ምንም የማይገባው ልጅ በዚህ አቆጣጠር ጉድለት የለበትም።

ይህ ልጅ ደግሞ ጥቂት አይደለም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2022 ባካሄደው የፒሳ ፈተና፣ ከሜክሲኮ የ15 ዓመት ተማሪዎች መካከል በሒሳብ ቢያንስ መሠረታዊውን ሁለተኛ እርከን ያገኙት ከመቶ 34ቱ ብቻ ነበሩ። ፈተናው የሚሰጠው በትምህርት ቤት ላሉት ብቻ በመሆኑ፣ ከመሠረታዊው በታች የሆኑት ሁለት ሦስተኛዎቹ በሙሉ በድህነቱ መለኪያ የትምህርት ጉድለት የሌለባቸው ናቸው።

የአቆጣጠሩ ድክመት ይበልጥ ጎልቶ የታየው በወረርሽኙ ጊዜ ነው። የሜክሲኮ ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 2020 ጀምረው ተዘጉ፤ የ2021 ነሐሴ ወር እስኪያልቅ ድረስ በመላ አገሪቱ አልተከፈቱም። ትምህርቱ በአብዛኛው በቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። የ2020 የቤተሰብ ጥናት የተካሄደው ትምህርት ቤቶቹ ተዘግተው ባሉበት ወቅት ነበር። እንግዲህ በዚህ ዓመት የትምህርት ጉድለት ምን ያህል ጨመረ ቢባል፣ መልሱ ከ19.0 ወደ 19.2 ከመቶ የሚል ነው። የአንድ አገር ሕፃናት በሙሉ ከክፍል በወጡበት ዓመት መለኪያው ያየው ከመቶ የሁለት ዐሥረኛ ለውጥ ብቻ ነው። የጤናውን ጉድለት ያለ ይሉኝታ የተናገረ መለኪያ፣ የትምህርቱን ዝም ብሎ አልፎታል። የዝምታው ምክንያት የለኪዎቹ ፍርሃት ሳይሆን የጥያቄው ዓይነት ነው፤ የተመዘገበ ሁሉ እንደ ተማረ ይቆጠራልና።

ሌላ መንገድ እንደነበረ የኮሎምቢያ ምሳሌ ያሳያል። ኮሎምቢያ ከ2011 ጀምሮ የምትሠራበት የዘርፈ ብዙ ድህነት መለኪያ አምስት ዘርፎችና 15 አመልካቾች አሉት። ከነዚህም ውስጥ ልጁ ከዕድሜው ጋር በሚመጣጠን ክፍል ውስጥ አለመሆኑን፣ ማንበብና መጻፍ አለመቻልን፣ የሕፃናትንም የጉልበት ሥራ ለየብቻ የሚቆጥሩ አሉ። በ2020 የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ልጁ መመዝገቡን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱ በምን መንገድ እንደ ቀጠለ ጭምር ከግምት አስገባ። ስለዚህ ከትምህርት የመለየት ጉድለት ያለበት ቤተሰብ በ2019 ከነበረበት ከመቶ 2.7 በ2020 ወደ 16.4 ከፍ ብሎ ታየ። ሁለቱም አገሮች ትምህርት ቤት ዘግተው ነበር፤ የአንደኛው መለኪያ አየ፣ የሌላው አላየም።

በዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይጨመራል። ሜክሲኮ 68 የነባር ሕዝቦችን ቋንቋዎች ብሔራዊ ቋንቋዎች አድርጋ በሕግ ተቀብላለች። በ2018 ከነባር ሕዝቦች መካከል ከመቶ 69.5 በድህነት ውስጥ ይኖሩ ነበር። በቤቱ የማይሰማውን ቋንቋ እየሰማ ስድስት ዓመት የተቀመጠ ልጅና በእናቱ ቋንቋ ስድስት ዓመት የተማረ ልጅ በመለኪያው እኩል ናቸው። ይህ እኩልነት እውነት አለመሆኑን ከመምህር የበለጠ የሚያውቅ የለም።

6. ሊቀርብ የሚችል መከላከያ

ለዚህ ትችት የሚሰጥ መልስ አለ፤ ቀላልም አይደለም። መጀመሪያ፣ የድህነት መለኪያ ፈተና አይደለም ይባላል። ጠያቂው ቤት ለቤት ሲዞር ለእያንዳንዱ ልጅ የሒሳብና የንባብ ፈተና ሊሰጥ አይችልም። ሁለተኛ፣ መብቱ በሕግ የተጻፈው በትምህርት ደረጃ እንጂ በውጤት ስላልሆነ፣ መለኪያው ከሕጉ አልፎ መሄድ የለበትም ይባላል። ሦስተኛ፣ የተማሪ ውጤት ከድህነት ቆጠራ ጋር ከተያያዘ ጥፋቱ በመምህሩ ላይ ይወድቃል የሚል ሥጋት አለ።

የመጀመሪያው መልስ እውነት አለው፤ ነገር ግን የማይቻለውን ምክንያት አድርጎ የሚቻለውን መተው ነው። ዕድሜና ክፍል አለመመጣጠኑን ለማወቅ ፈተና አያስፈልግም፤ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ሁለተኛው መልስ ራሱን ያፈርሳል፤ በጤናው በኩል መለኪያው ሕጉ ላይ ምን ተጻፈ ብሎ ሳይሆን ሰውየው አገልግሎት የማግኘት መብት በእጁ እንዳለ ጠይቋልና። ሦስተኛው ሥጋት ግን በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። መፍትሔው የመማርን ውጤት በድህነቱ ቁጥር ውስጥ መክተት ሳይሆን ከጎኑ ማስቀመጥ ነው፤ ማኅበራዊ ትስስር ለብቻው እንደሚለካ ሁሉ፣ መማርም ለብቻው ተለክቶ በዚያው ዕለት ቢወጣ አንባቢው ሁለቱን አስተያይቶ ይፈርዳል።

7. የገቢ መሻሻልና የትምህርት መቆም

ይህ ለምን አስፈላጊ እንደሆነ የቅርቡ ውጤት ያስረዳል። በሜክሲኮ ከ2018 እስከ 2024 ድህነት ከመቶ 41.9 ወደ 29.6 ወርዷል። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ለዚህም የሠራተኛው ገቢ ማደግ፣ በተለይም የዝቅተኛው ደመወዝ ከፍ ማለት፣ ከፍ ያለ ድርሻ ነበረው። በነዚሁ ዓመታት የትምህርት ጉድለት ከ19.0 ወደ 18.6 ብቻ ነው የወረደው፤ በሕዝብ ቁጥር ሲታይ ከ23.5 ሚሊዮን ወደ 24.2 ሚሊዮን ከፍ ብሏል።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከአሠራሩ መረዳት ይቻላል። ገቢው መስመሩን ያለፈ ሰው፣ ትምህርቱን ባይጨርስም፣ ከድሆች መዝገብ ወጥቶ ወደ ተጋላጮች መዝገብ ይዛወራል። ከዚህም ሌላ ማኅበራዊ ዋስትና የሌለው ሕዝብ በ2024 እንኳ ከመቶ 48.2 ስለነበረ፣ ገቢው ያነሰ ሰው ቢያንስ አንድ ጉድለት አለበት ለመባል አብዛኛውን ጊዜ የትምህርቱ ጉድለት አያስፈልገውም። ስለዚህ የድሆችን ጠቅላላ ቁጥር በማንሣትና በመጣል ረገድ ትምህርት ያለው ኃይል አነስተኛ ነው። አንድ መንግሥት ለአሥር ዓመት ትምህርትን ቸል ቢል እንኳ፣ ገቢ እስካደገ ድረስ ዋናው ቁጥር አይከሰውም። የድህነት መቀነስ የትምህርት ቤት ድል ተደርጎ ሊነበብ የማይገባውም ለዚህ ነው።

8. መለኪያው በማን እጅ ይሁን

የመጨረሻው ጥያቄ የነፃነት ነው። ኮኔቫልን ከተመሠረተበት ከ2005 ጀምሮ የመሩት ዋና ጸሐፊ በ2019 የበጀት ቅነሳውን በይፋ ከተቹ በኋላ ከሥራቸው ተነሡ። በታኅሣሥ ወር 2024 በወጣው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ምክር ቤቱ ራሱ እንዲቀር ተወሰነ፤ የመለካቱ ሥራ ወደ ብሔራዊው የስታቲስቲክስና የጂኦግራፊ ተቋም ተዛወረ። ተቋሙም የ2024ን ውጤት በነሐሴ ወር 2025 በቀድሞው ዘዴ አውጥቷል። ተቋሙ በሙያው የታወቀና ራሱን የቻለ በመሆኑ የልኬቱ ሥራ ተቋረጠ ማለት አይቻልም።

የትምህርቱ ዕጣ ግን ከዚህ የከፋ ነው። በ2002 የተቋቋመውና በ2013 ነፃነት የተሰጠው ብሔራዊ የትምህርት ግምገማ ተቋም በ2019 ፈረሰ፤ በእርሱ ምትክ የቆመውም መሥሪያ ቤት በዚያው በ2024 ማሻሻያ እንዲቀር ተደርጎ ሥራው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። በዚህም መሠረት የድህነቱ መለኪያ የመማርን ጉድለት አይጠይቅም፤ ሊጠይቅ ይችል የነበረውም ነፃ ተቋም የለም። አስተማሪው፣ ፈታኙና ውጤቱን የሚያውጀው አንድ አካል ሲሆን፣ ውጤቱ እውነት ቢሆን እንኳ የሚያምነው ያጣል።

9. መደምደሚያ

የሜክሲኮ መለኪያ ድህነትን ከገቢ ባርነት አውጥቶ ከመብት ጋር ማያያዙ ሌሎች አገሮች ሊከተሉት የሚገባ ሥራ ነው። ጉድለቱ መብቱን በትምህርት ገበታ ላይ በመገኘትና ክፍል በመጨረስ ብቻ መወሰኑ ነው። ዓለም አቀፉም መለኪያ የሚጠይቀው ስድስት ዓመት መማርንና በትምህርት ገበታ ላይ መገኘትን ስለሆነ፣ ይኸው ትችት በእርሱም ላይ ይሠራል፤ በእርሱ ለሚለኩት አገሮችም ሁሉ ይመለከታቸዋል።

ከዚህ በመነሣት የዕቅድ ባለሙያው ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ይገባዋል። አንደኛ፣ የትምህርት ጉድለት ቁጥር ከደንቡ ተለይቶ አይነበብ፤ ደንቡ ሲለወጥም በአሮጌውና በአዲሱ የተሰላው ቁጥር ጎን ለጎን ይታተም። ሁለተኛ፣ ዕድሜና ክፍል አለመመጣጠን እንደ ኮሎምቢያ ለብቻው ይቆጠር። ሦስተኛ፣ የመማር ውጤት በነፃ ተቋም ተለክቶ ከድህነቱ ቁጥር ጋር በአንድ ዕለት ይውጣ።

መምህሩም በበኩሉ የዚህ ሁሉ ቁጥር ምንጭ እርሱ የሚያዘው የስም መዝገብ ሳይሆን ቤት ለቤት የሚካሄደው የቤተሰብ ጥናት መሆኑን ይወቅ። በጥናቱ በትምህርት ገበታ ላይ አለ የተባለ እያንዳንዱ ልጅ፣ በአገር አቀፉ ሒሳብ ውስጥ ጉድለት የሌለበት ተብሎ ይገባል። ያ ልጅ ማንበብ ሳይችል ተገኝቶ እንደሆነ ጥናቱ አይናገርም፤ የሚናገር መለኪያ እስኪዘጋጅ ድረስ የሚናገርለት መምህሩ ብቻ ነው።